የተተወ መቃብርና የሰፋሪዎች ቤት ፍለጋ፦ መጀመሪያ እግር ወይስ ወረቀት?

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ውይይት፣ ማለትም ክሩን፣ የከፈተው በአሜሪካ ኮሎራዶ ክፍለ ሀገር ዴንቨር አጠገብ የሚኖር አንድ አባል ነው። ከግሪሊ ከተማ በስተምሥራቅ በ34 ቁጥር አውራ ጎዳና ለሥራ ይመላለሳል፤ ከመንገዱ ዳር ጣሪያቸው የጎበጠ፣ ቀለማቸውን ፀሐይ የላጠው ጥቂት የእንጨት ቤቶችን እያየ ማለፍ ለምዶ ነበር። አንድ ቀን መኪናውን አቁሞ ሲጠይቅ ስፍራው ዲርፊልድ እንደሚባልና የጥቁር አሜሪካውያን ገበሬዎች መንደር እንደነበረ ተረዳ። ከዚያ ወዲህ የዕረፍት ቀኑን ሜዳ ለሜዳ በመዞር ያሳልፋል፤ የተተዉ ቤቶችን መሠረትና የተረሱ መቃብሮችን ይፈልጋል።

ጥያቄው ቀላል ነው፤ በዚያ ሜዳ የኖሩ ሰዎች ሙታናቸውን የት ቀበሩ? ዛሬስ መቃብሩ በምን ይገኛል? ችግሩ ጥያቄውን ብቻ ጠይቆ አለመተዉ ነው። መዝገብ ቤት ለመዝገብ ቤት መዞር ጊዜ ማባከን መሆኑን፣ ስልክና ጠንካራ ጫማ ያለው ሰው ሌላ እንደማያስፈልገው፣ ሜዳውም ቢሆን ድሮ ባለቤት የሌለው ጠፍ መሬት እንደነበረ አስረግጦ ጽፏል። በዚህች አንቀጽ የተነሳው ክርክር ነው ክሩን ያስረዘመው። ሰላምታና ቀልዱን ትቼ ጭብጥ ያለውን በየቁጥሩ እተርካለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1። ታሪክ የምታስተምር አንዲት አባል ለጥያቄው አመስግና ስለ ዲርፊልድ ጠቃሚ መነሻ ሰጠች። መንደሩን በ1910 የመሠረቱት ኦሊቨር ቱሴይንት ጃክሰን የተባሉ ነጋዴ ናቸው። የመጀመሪያው ክረምት ክፉ ነበር፤ ከሰባቱ ቤተሰቦች የእንጨት ቤት የነበራቸው ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ የቀሩት በድንኳን፣ በመሬት ጉድጓድና ኮረብታ ቦርቡረው በሠሩት ዋሻ ከረሙ። ማገዶአቸው ኩበትና ቁጥቋጦ ነበር። ዝናቡ ደህና በሆነባቸውና የእህል ዋጋ ከፍ ባለባቸው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት መንደሩ በርትቶ ነበር፤ ከዚያ የዋጋ መውደቅና የ1930ዎቹ ድርቅ ሲደራረቡ ሰዉ ወደ ከተማ ፈለሰ። በ1940 የቀሩት ነዋሪዎች ከአሥራ ሁለት ገደማ አይበልጡም። ጃክሰን በ1948 ሞቱ። መንደሩ እንደዚያ በጥቂት ዓመታት የተነሳና የወደቀ ከሆነ፣ ትልቅና የታጠረ መካነ መቃብር ከመጠበቅ ይልቅ ሬሳው ወደ ከተማ ተወስዶ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል ስትል ደመደመች። ጨዋ መልስ ነው።

መልስ 2 አንድ መስመር ናት፤ በዚያ ሜዳ የስልክ ሞገድ ስለማይገኝ ካርታውን ከቤት አውርዶ መሄድ ይሻላል ትላለች።

መልስ 3። የክሩ ምሰሶ ይህ ነው። ጸሐፊው በካንሳስ የሠሩ ጡረተኛ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ጠያቂውን ልጄ ብለው ቢጀምሩም ለጫማውና ለስልኩ ምሕረት አላደረጉለትም። ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። ፕሬዚዳንት ሊንከን በሜይ 20 ቀን 1862 የፈረሙት የሆምስቴድ ሕግ 21 ዓመት ለሞላው ወይም የቤተሰብ ኃላፊ ለሆነ ሰው 160 ኤከር መሬት ይፈቅድ ነበር፤ በእኛ መለኪያ ከአንድ ጋሻ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። አመልካቹ በጠቅላላው 18 ዶላር ይከፍል፣ ቤት ይሠራ፣ ያርስ፣ አምስት ዓመት ይኖርበት ነበር፤ በመጨረሻም ሁለት ምስክሮች አቅርቦ የባለቤትነት ሰነዱን ይቀበል ነበር። ያላገቡና ባል የሞተባቸው ሴቶችም ማመልከት ይችሉ ነበር። በ1909 የወጣው ሕግ ደግሞ ለደረቅ አካባቢ ይዞታውን ወደ 320 ኤከር አሳደገው።

ቀጥለው ካርታ ማንበብ አስተማሩ። ያ ሁሉ ሜዳ በቀያሾች መስመር የተከፋፈለ ነው፤ ጎኑ ስድስት ማይል የሆነው ካሬ ታውንሺፕ ይባላል፣ በውስጡም እያንዳንዳቸው 640 ኤከር የሆኑ 36 ሴክሽኖች አሉ። የአንድ ሴክሽን ሩብ በትክክል 160 ኤከር ነው። ቁጥሩ ከሰሜን ምሥራቅ ጥግ ተነስቶ ወደ ምዕራብ እስከ 6 ይሄድና አንድ ረድፍ ወርዶ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ ጥማድ በሬ ትልሙን ጨርሶ እንደሚዞረው ነው። ይህን የገባው ሰው የአንድን ቤተሰብ ቤት ከሰፊው ሜዳ ላይ ሳይሆን ከአንድ ሩብ ሴክሽን ውስጥ ይፈልጋል። የባለቤትነት ሰነዶቹን የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በድረ ገጹ በነፃ አስቀምጧቸዋል፤ በስምም በቦታም ይፈለጋሉ። የቆዩት የመሬት አቀማመጥ ካርታዎችም እንዲሁ በነፃ ይገኛሉ፤ ትንንሾቹ ጥቁር ካሬዎች ቤቶች ናቸው፣ መቃብር ደግሞ በነጠብጣብ መስመር ተከልሎ በመስቀል ወይም በአጭር ጽሑፍ ይመለከታል። በ1940 ካርታ ላይ ያለ ካሬ በኋለኛው ከሌለ፣ እግር የሚሄደው እዚያ ነው። ሰውየው እግርን አልናቁም፤ ሰው ግን ይህን አንብቦ እግርን የናቁ አስመስሎ ተከራከራቸው።

መልስ 4። ጠያቂው በማግስቱ በድል አድራጊነት ተመለሰ። በድረ ገጹ ፈልጓል፤ የድንጋይ መሠረቱን በዓይኑ ያየበት ሩብ ሴክሽን ላይ የቤተሰብ ስም የለም። እንግዲያው ወረቀቱ ይዋሻል ማለት ነው።

መልስ 5። አይዋሽም፤ ያልተጠየቀውን አይመልስም እንጂ። ይህን ያስረዳችው በቤተ መጻሕፍት የምትሠራ አባል ናት። በድረ ገጹ ያሉት ሁኔታውን አሟልተው ሰነድ የተቀበሉ ሰዎች ብቻ ናቸው። በሕጉ ዘመን ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ማመልከቻ ሲቀርብ እስከ ሰነድ የደረሰው 1.6 ሚሊዮን ያህል ነው። የቀረው ሰው ታሞ፣ ከስሮ፣ ዝናብ አጥቶ ወይም ሞቶ ትቶ ሄዷል፤ የተተወ ቤት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚፈልገው እነዚህኑ ነው። ስማቸው በየመሬት ቢሮው የመዝገብ ደብተር ላይ ከነስረዛው ተጽፏል፤ ፋይላቸውም በዋሽንግተን በብሔራዊ መዛግብት ይገኛል።

የፋይሉን ይዘት ስትገልጽ እኔም ቁጭ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ከተጠናቀቁት አንዱን አስገልብጣ አይታለች፤ ቤቱ ስንት በስንት ጫማ እንደሆነ፣ ጣሪያው ሣር ይሁን ሳንቃ፣ በሩ አንድ መስኮቱ ሁለት መሆኑ፣ በየዓመቱ ስንት ኤከር እንደታረሰና ምን እንደተዘራ ተጽፏል። አመልካቹ ከይዞታው ለወራት ርቆ ከነበረ ለምን እንደራቀ ይጠየቃል፤ ይህኛው ክረምቱን ከተማ ወርዶ በቀን ሠራተኛነት ሲሠራ እንደነበር መልሷል። ባል ከሞተ ሚስት ማመልከቻውን ስለምትቀጥል ሞቱ እዚያው ይሰፍራል። ካንሳስ በክፍለ ሀገር ደረጃ ሞትን መመዝገብ የጀመረችው በ1911፣ ነብራስካ በ1904 ነው። ከዚያ በፊት ለሞተ ገበሬ የመሬት ፋይሉ ብቸኛው ወረቀት ሊሆን ይችላል። ዓመቱ ከታወቀ የአካባቢውን ጋዜጣ ማገላበጥ ነው፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹን በድረ ገጹ ከፍቷቸዋል። ጠያቂው ለዚህ መልስ ምንም አላለም።

መልስ 6። ካንሳስ የምትኖር ነርስ ስለ ኒኮደመስ ጻፈች። ከባርነት የወጡ ሰዎች ከኬንታኪ ተነስተው በ1877 የመሠረቱት መንደር ነው፤ ዛሬ ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ሆኖ ይጠበቃል። በ1878 ከባለቤቷ ጋር የመጣችው ዊሊያና ሂክማን መንደሩ ደረሰ ሲባል ዙሪያውን ብታይ ቤት የለም፤ ከመሬት ውስጥ ግን ጭስ ይወጣል። ያ ጭስ ኒኮደመስ መሆኑ ሲነገራት ማልቀስ መጀመሯን ራሷ ኋላ ተርካዋለች። ነርሷ ይህን ያነሳችው ለእንባው አይደለም። ሰዉ የሚኖረው በጉድጓድ ውስጥ ከነበረ የዛሬ ፈላጊ ግድግዳ መጠበቅ የለበትም፤ የሚያገኘው በደቡብ ፊት ኮረብታ ጎን ላይ የሰረጎደ፣ አፉ የተናደ ጎድጓዳ ቦታ ነው፤ አላፊ አግዳሚ የዝናብ ጎርፍ የቦረቦረው ይመስለዋል።

መልስ 7። አትክልት የምትወድ አባል የተክል ምልክቶችን ዘረዘረች። ዝናብ በሚያጥረው ሜዳ ሊላክ ወይም አይሪስ የሚባለው የጓሮ አበባ በራሱ አይበቅልም፤ ሰው ተክሎታል። በረድፍ የቆሙ ዛፎች፣ በግንቦት ብቅ የሚል አስፓራገስ የተባለ አትክልት፣ የነፋስ ውኃ መሳቢያው አራት የሲሚንቶ እግሮች ቤቱ የት እንደነበረ ይመራሉ። ለመቃብር ደግሞ ኮረብታ ላይ ብቻውን የቆመ ቀይ ሴዳር ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ይህ ዛፍ በዘሩ ከእኛ አገር ጽድ ጋር አንድ ወገን ነው። ከሥሩ ርዝመቱ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ የሆነ ስርጉድ መሬት፣ ራስጌና ግርጌው ላይም ያልተጠረበ ድንጋይ ካለ መቃብር ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። ሣሩ ከደረቀ በኋላ ወይም ስስ በረዶ በጣለ ማግስት፣ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለ መሄድ ይመረጣል፤ በቀትር የማይታየው ስርጉድ ያን ጊዜ ጥላ ይጥላል።

ከ8 እስከ 10 ያሉት መልሶች ጽድ በሰሙ ሰዎች ተጠለፉ። አንዱ ስለ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጽድ፣ ሌላው ባሕር ዛፍ ጽዱን እንዴት እንዳጠፋው፣ ሦስተኛው ባሕር ዛፍ ባይኖር አዲስ አበባ ማገዶ ከየት ታገኝ እንደነበር ተሟገቱ። አወያዩ ሌላ ክር ክፈቱ ብሎ ገላገለን።

መልስ 11። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በነዳጁ ሥራ ምክንያት ወደ ሰሜን ዳኮታ ይመላለሳል። ሮስ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ በሜዳ መካከል የሙስሊሞች መቃብር አለ፤ በሩ ላይ ጨረቃና ኮከብ ተሠርቷል። ከሶርያና ከሊባኖስ አካባቢ የመጡ ሰዎች በ1900ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ ሕግ መሬት ተቀብለው ያርሱ ነበር፤ በ1929 መስጊድ ሠሩ። የመጀመሪያው መስጊድ በ1970ዎቹ መጨረሻ ፈረሰ፤ በ2005 በምትኩ ትንሽ መስጊድ ተሠራ። ሹፌሩ አሜሪካ ውስጥ እስልምና የከተማ ነገር ብቻ ይመስለው እንደነበር ጽፎ፣ ቆሞ ፋቲሃ አንብቦ እንዳለፈ ነገረን። በዚህ ክር ያልተከራከረ የለም ማለት ቢቻልም በዚህኛው ማንም አልተከራከረም።

መልስ 12 ከኤድመንተን ነው። ካናዳም የራሷ ሕግ ነበራት፤ የ1872ቱ 160 ኤከር በ10 ዶላር ይሰጥ ነበር። በ1910 እና በ1911 ከኦክላሆማና ከአካባቢው የተሰደዱ ጥቁር ቤተሰቦች ከአታባስካ በስተምሥራቅ አምበር ቫሊን አቀኑ። የኦታዋ መንግሥት በኦገስት 1911 ጥቁሮች ለአንድ ዓመት እንዳይገቡ የሚከለክል ትእዛዝ አጽድቆ፣ ሥራ ላይ ሳያውለው በጥቂት ወራት ውስጥ ሻረው። ጸሐፊዋ ይህን በሁለት አንቀጽ አስቀምጣ ወጣች፤ ብትቆይ በወደድኩ።

መልስ 13። ቃናው እዚህ ላይ ተለወጠ። አንድ አባል ጠያቂው ባለቤት የሌለው ጠፍ ያለውን መሬት ይዞ ተነሳ። ያ ሜዳ የቻየንና የአራፓሆ ሕዝቦች አገር ነበር። በኖቬምበር 29 ቀን 1864 የኮሎራዶ ፈረሰኛ ጦር በሳንድ ክሪክ የሰፈሩትን አጥቅቶ ከ150 በላይ ሰው ፈጀ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። አመልካቾች መሬቱን በብዛት የያዙት ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ድንጋይና መስቀል የሌለው ስርጉድ ሁሉ የገበሬ መቃብር አይደለም፤ የጥንቱ ባለአገር መቃብር የመሰለውን ያየ ሰው ሳይነካ ለሚመለከተው ማሳወቅ አለበት። ይዘቱ ትክክል ነው፤ ጠያቂውን መሃይም ማለቱ ግን አላስፈለገም።

መልስ 14 የጠያቂው ምላሽ ሲሆን ከቁጣ በቀር የረባ ነገር የለውም። መልስ 15 ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ክሩን በሙሉ ሰደበ። የአባቱን መቃብር ለዓመታት ሳያይ የኖረ ስደተኛ የማያውቀውን ፈረንጅ መቃብር ፍለጋ እሾህ ለእሾህ መንከራተቱ ምን ይባላል የሚል ነው። ነርሷ በ16ኛው መልስ ሳትለሳለስ ገጠመችው፤ ኒኮደመስም ዲርፊልድም የፈረንጅ መንደር አለመሆናቸውን፣ አንብቦ የመጣ ሰው ይህን ከመጀመሪያው መልስ ማወቅ እንደነበረበት ነገረችው። ነገር ግን የሰውየው ጥያቄ አልተመለሰም። በጦርነትም በኑሮም ምክንያት አገር ቤት መግባት ያልቻለ ሰው በዚህ ክር ውስጥ ስንት እንዳለ እናውቃለን፤ ስድቡን አውጥተን ጥያቄውን ብናስቀረው ኖሮ የተሻለ ንግግር ይወጣው ነበር።

መልስ 17። ጠያቂው ንዴቱ በርዶ ፎቶግራፍ ለጠፈ፤ ከፖኒ ብሔራዊ የሣር ምድር ያነሳው ሰማያዊ ጠርሙስና የዛገ የበር እጀታ ነው። አብሮም የቦታውን ትክክለኛ የጂ ፒ ኤስ ቁጥር አሰፈረ። እስካሁን የተባለው ሁሉ ለካ መቅድም ኖሯል።

መልስ 18። ቀያሹ ልጄ ማለቱን ተዉት። ያ የሣር ምድር መንግሥት በ1930ዎቹ ከከሰሩ ገበሬዎች የገዛው ማሳ ነው፤ ስለዚህም ፍርስራሽ የበዛበት ነው። በ1979 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን ቅርስ ከመንግሥት መሬት ማንሳትን ይከለክላል፤ የእጀታው ዕድሜ ስንት እንደሆነ ደግሞ ጠያቂው አያውቅም። ከዚያም በላይ ዕቃው ከተነሳ በኋላ ስለ ቤቱ የሚናገረው ነገር የለም፤ ጠርሙሱ ከወጥ ቤቱ በኩል መገኘቱ ወይም ከቆሻሻ መጣያው ነበር ቁም ነገሩ። መሬቱም ከግል ይዞታ ጋር እየተፈራረቀ የተሰበጣጠረ ስለሆነ በአንድ አጥር ስሕተት ከጎብኚነት ወደ ወንጀለኛነት ይገባል። ቴክሳስና ሚዙሪ ውስጥ በአጥር ምሰሶ ላይ የተቀባ ሐምራዊ ቀለም አትግባ ማለት እንደሆነም አክለዋል። ቴክሳስ በሌላ በኩል በግል መሬት የተከበበ መካነ መቃብርን ለመጎብኘት የመግባትና የመውጣት መብት በሕግ ትሰጣለች፤ ይህ በየክፍለ ሀገሩ ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

መልስ 19 እና 20 በጂ ፒ ኤስ ቁጥሩ ላይ ነበሩ። አንደኛው ቦታው ካልተጻፈ ነገ ትራክተር ይሄድበታል፣ የተመዘገበ መቃብር ተሟጋች ያገኛል አለ። ሁለተኛው የብረት አጥርና የተቀረጸ ድንጋይ የሚሸጥ ሌባ እንደሚያነብ፣ ዝርዝሩም ለአካባቢው የታሪክ ማኅበርና ለመሬቱ ባለቤት እንጂ ለማንም ሰው በይፋ እንደማይሰጥ መለሰ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። መዝገብና ማስታወቂያ አንድ አይደሉም።

መልስ 21። አንዱ የደበዘዘውን የመቃብር ድንጋይ በበረኪናና በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት እንደሚቻል በቅንነት ጠቆመ፤ አራት ሰው በአንድ ጊዜ ተነሳበት። በረኪና በድንጋዩ ውስጥ ጨው ጥሎ ያስፈረፍረዋል፣ ሽቦው ፊደሉን ይፍቃል። ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ እሱም በባለቤቱ ፈቃድ። ለማንበብ ብቻ ከሆነ መስተዋት ይዞ የፀሐይን ብርሃን ከጎን ማሳረፍ ነው፤ ፊደሉ ከጥላው ይነሳል። ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ሐውልት ካጋጠመ ደግሞ ድንጋይ አይደለም፤ ከ1870ዎቹ እስከ 1914 ድረስ በኮነቲከት ይመረት የነበረ ዚንክ ነው። ጽሑፉ ዛሬም ጥርት ብሎ ይነበባል።

መልስ 22። ሁለት የታጠፈ ሽቦ ይዞ የመቃብር ቦታ አገኛለሁ የሚል ሰው መጣ፤ ሽቦው ሬሳ ባለበት ይሻገራል። ቤተ መጻሕፍት የምትሠራዋ አባል በምርመራ የተረጋገጠ ነገር እንደሌለው፣ ከመሬት በታች ያለ ቁፋሮ ማየት ለሚፈልግ የራዳር መሣሪያ ያላቸው የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች እንዳሉ ነገረችው። ሰውየው አልተቀበለም። ክርክሩ በ23 እና በ24 ቀጥሎ ፍሬ ሳይሰጥ ቀረ።

መልስ 25። ጠያቂው የጂ ፒ ኤስ ቁጥሩን አንስቷል። ጠርሙሱንና እጀታውን ምን እንዳደረጋቸው አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀውም። አዲስ ጥያቄ ግን ይዞ መጥቷል፤ ከሣር ምድሩ ወዲህ በግል ስንዴ ማሳ ውስጥ በአሮጌው ካርታ ላይ መስቀል ያለበት ቦታ አግኝቷል፤ ባለቤቱን እንዴት ያነጋግር?

መልስ 26። ቀያሹ መለሱለት፤ ልጄ የሚለውም ተመልሷል። የባለቤቱ ስም በአውራጃው የግብር ገማች ቢሮ ይገኛል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የሴክሽኑና የታውንሺፑ ቁጥር ተጽፎበት የካርታው ቅጂ ይያያዝ፤ ምንም እንደማያነሳና እንደማይቆፍር፣ ያገኘውንም ለባለቤቱ አስቀድሞ እንደሚያሳይ ይግለጽ። ስንዴው እስኪታጨድ ወደ ማሳው እንዳይገባ። ሲሄድ ረጅም ዱላ ይያዝ፤ አንደኛ ለእባብ፣ ሁለተኛ በእጅ የተቆፈሩት የውኃ ጉድጓዶች አፍ በበሰበሰ ሳንቃ ብቻ ተከድኖ ሣር ስለበቀለበት ከመርገጥ በፊት መሬቱን ለመንካት። ብቻውንም አይሂድ።

መልስ 27 የሹፌሩ ነው፤ በሐምሌ መጨረሻ በዴንቨር በኩል ያልፋል፣ ቦታ ካለ አብሮ መሄድ ይፈልጋል።